ሽፍታው አልጋ ሠሪ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። አክስቴንም በጣም ይሳሙልኝ።

«የቃል ቀለቤ ተቋረጠ እንዴ?» ላሉኝ፣ አልተቋረጠም። ወደ መምህራን ማሰልጠኛው ስመጣ በየደብዳቤው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልልክልዎ፣ እርስዎም የብየዳ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ጽፈው ደንበኛ ላይ ሊለማመዱበት ተስማምተናል። ውሉን አላፈረስኩም፤ ባለፈው ጥናት በዝቶብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «እጹብ ድንቅ» ማለት የሆነውን «ማግኒፊሰንት»ን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ላይ ተጠቀምኩበት ያሉትን ሳነብ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ተያዝኩ። ሰውዬው መሰደቡን ይሁን መመስገኑን ሳያውቅ ሄደ አይደል? እሰይ!

ስለ አልጋዬም ጠይቀውኛል። እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ ውጭ ነው የሚያድረው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ መጀመሪያ አዝናልኝ ነበር፤ አሁን ለምዳው ፎጣዋን ታሰጣበታለች።

የዛሬው ቃልም ከአልጋ የመጣ ነው። «ፕሮክረስቲያን» ይባላል፤ ቅጽል ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት ውስጥ ፕሮክረስተስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ብረት ቀጥቃጭም ሽፍታም ነው። ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ አላፊ አግዳሚውን «ደክሞሃል፣ ግባና እረፍ» ይለዋል። አንድ የብረት አልጋ አለው። እንግዳው ካጠረ እስኪደርስ ድረስ እየቀጠቀጠ ይስበዋል፤ ከረዘመ የተረፈውን እግር ይቆርጠዋል። ልክ የሆነለት ሰው አልተገኘም ይባላል። በመጨረሻ አንድ ጀግና መጥቶ ሽፍታውን በገዛ አልጋው ላይ አጋድሞ ለካው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከራሱ ጋር ለማስተካከል የሚቆርጥና የሚስብ ሕግ ወይም ዕቅድ «ፕሮክረስቲያን» ይባላል። ቅጽል ሆኖ ሳለ በትልቅ ፊደል ነው የሚጀመረው፤ ለሽፍታ ይህን ያህል ክብር!

አስተማሪያችን ሲተርክልን ጓደኞቼ ግሪክ አገር ሄደዋል። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የመጣብኝ የእርስዎ ብየዳ ቤት ነው፤ «ብረት አይታጠፍም፣ ሰው ይታጠፍ» የሚሏት ቀልድዎ ናት።

የእርስዎው ሸንበቆ


ጥቅምት 21

ለሸንበቆ፣

«ለምወድሽ» ያላልኩት ረስቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። ሰላምታውን ከአክስትሽ ውሰጂ፤ እሷ ደህና ናት፣ ትስምሻለች።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ መስከረምማ ጠብቶ አልፏል፣ ይሄኛው ለጥቅምት የተረፈ ነው። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ አቅፌ ያሳደግኩሽ፣ ቁመትሽ በየዓመቱ ከበሩ መቃን ላይ ሲወጣ እያየሁ የተደሰትኩ ሰውዬ፣ እኔን ሽፍታ? ያውም እግር ቆራጭ? አስተማሪ ሁኚ ብዬ የላክሁሽ ይህን እንድታመጪልኝ ነው?

ውል ውል ነውና ቃሉን በሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ጠንካራ አልጋ» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

አልጋዬ ለምን ርዝመቱ ሜትር ከሰማንያ እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ሳትጠይቂ ከሽፍታ መደብሽኝ። ስሚ። ቱቦላሬ የምንለው ብረት ከፋብሪካ የሚመጣው ስድስት ሜትር ሆኖ ነው። የአልጋው ስፋት ሜትር ከሃያ፣ ሁለት ጫፍ አለው። ርዝመቱ ሜትር ከሰማንያ፣ ሁለት ጎን አለው። ደምሪው፤ ልክ ስድስት ይመጣል! ስንጥር አይተርፍም። ፍራሽ ሻጩም በዚያው ልክ ይቆርጣል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው እንዲህ አሳየኝ፣ እኔም እንዲሁ ቀጠልኩ። ክፋት የለበትም፤ ሂሳብ ነው። ሰው ከረዘመ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የወላጆቹ?

አጎትሽ
ቀጥቃጭ፣ ግን ሽፍታ ያልሆነ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ።

ስላስቀየምኩዎ በጣም ይቅርታ። ለመሳቅ ነው እንጂ ለመንካት አልነበረም። የእርስዎን ሥራ የምንቅ ሰው እንዳልሆንኩ ያውቃሉ።

አክስቴ ከደብዳቤው ጀርባ በእርሳስ ለጠየቀችኝ፣ አዎ፣ የማስተማር ፈተናውን ተፈትኛለሁ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ሸንበቆ


ኅዳር 9

ለምወድሽ ሸንበቆዬ፣

ይኸው «ለምወድሽ» ተመልሷል። ይቅርታሽ ደርሶኛል፣ ይቅር ብያለሁ። ግን ምን ነካሽ? ደብዳቤሽ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ስለ አክስትሽ የታመመ ጉልበት አልጠየቅሽም። ቃልም የለው! በሩ ላይ አሁንም ያ ሽፍታ ነው ያለው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽና ታዝናኚበት። ስናደድ ሰነበትኩና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ሠርቼ ካቆምኳቸው አልጋዎች በአንዱ ላይ ጋደም አልኩ። እኔ እኮ ሠርቼ ሸጥኩ እንጂ ተኝቼበት አላውቅም፤ የእኛ አልጋ አክስትሽ ያመጣችው የእንጨት አልጋ ነው። ታምኛለሽ? ኮቴን ለትራስ አጣጥፌ ራሴን ሳሳርፍ ተረከዜ ብረቱ ላይ ዐረፈ። እኔ፣ ከአንቺ የማጥረው! ልብስ ሰፊውን ጠራሁና «የሸጥኩልህ አልጋ እንዴት ነው?» አልኩት። «ጥሩ ነው፤ ይኸው ስንት ዘመን ተጣጥፌ ስተኛበት» አይለኝም! «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ያላወቅህ አልመሰለኝም፤ ሰው ሁሉ ያወራዋል» አለኝ። እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አሁን አልጋ ሊያዝዝ የመጣውን ሁሉ «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም» እላለሁ። ትናንት አንድ ሽማግሌ ሜትሬን ሳወጣ ወደ ኋላ ሸሹ። «ምነው ልጄ፣ ያዘዝኩህ አልጋ ነው ወይስ የሬሳ ሳጥን?» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ለረጅሙ አልጋ ሁለተኛ ቱቦላሬ ስለምጀምር አሁን ቁራጭ ይተርፋል፤ በቁራጩ በርጩማ እሠራበታለሁ፤ የዓለም ፍጻሜ አልሆነም። ቃሉን ለልብስ ሰፊው በትክክል ተረጎምኩለት። «ታዲያ ይሄ አንተ ነሃ» አለኝ። «ነበርኩ» አልኩት።

አሁን ወደ አንቺ። ምን ደበቅሽኝ? አክስትሽ «ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች» ትላለች። የእኔ ሆድ ግን አይችለውም። በሞቴ፣ ጻፊ።

አጎትሽ


ኅዳር 17

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፣

በሞቴ ካሉኝ በኋላማ ምን ልደብቅ። የሽማግሌውን ነገር ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ጉልበት እንዴት ነው? ይቅር ትበለኝ።

የመጨረሻውን የማስተማር ፈተና ወድቄያለሁ።

ሁላችንም አንድ ሙሉ ትምህርት በተቆጣጣሪ ፊት እናስተምራለን። ለእኔ የደረሰኝ የማታ ክፍል ነው፤ ተማሪዎቹ ቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የትምህርቱ ዕቅድ በተቆጣጣሪው ተሠርቶ የሚሰጥ ነው። ለመግቢያው ይህን ያህል፣ ለማብራሪያው ይህን ያህል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ተነስቶ ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ፣ ለክለሳ ደግሞ ይህን ያህል። ተቆጣጣሪው ከኋላ ሰዓት ይዞ ይቀመጣል።

ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ነበር። ከዚያ የአንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ተራ ደረሰ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮሃል። ግን ይንተባተባል። ያለፉት አስተማሪዎች ግማሽ ደቂቃው ሲያልቅ «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጥ» ይሉት ነበር አሉ፤ እሱም ለምዶ ሁልጊዜ ሳይጨርስ ይቀመጣል። ያን ቀንም የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ተያዘና ሊቀመጥ ወገቡን አጠፈ። እኔ አልጠራሁትም፣ አልገፋሁትም፤ ቆሜ ጠበቅሁት። መልሶ ቀና አለ። ተቆጣጣሪው ከኋላ እጁን አነሳ። ደግሞ አነሳ። ደግሞ አነሳ። እኔ ጠበቅሁ። ክለሳውን ሳላደርስ ደወሉ ተደወለ።

«ዕቅዱን አልጠበቀችም፤ ክፍሉን መቆጣጠር አልቻለችም» ተብሎ ተጻፈብኝ።

አሁን ሁለት መንገድ አለኝ። ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ዓመቱን እደግማለሁ። ካልፈረምኩ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ በእንግሊዝኛ እከራከራለሁ፤ ኮሚቴው ካልተቀበለኝ እባረራለሁ፣ አስተማሪነቱም በዚያው ይቀራል። እፈርማለሁ መሰለኝ። ከልጅነቴ የተመኘሁት አንድ ነገር ይህ ብቻ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። ደፋር አይደለሁም፣ አጎቴ።

ሸንበቆ


ኅዳር 25

ለምወድሽ ልጄ፣

አይዞሽ። ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ይዘሽው መክረምሽ ነው ያናደደኝ፤ መውደቅሽ አይደለም።

የአክስትሽን ሐሳብ መጀመሪያ እጽፋለሁ፤ አጠገቤ ቆማ እየጠበቀችኝ ነውና። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፤ ትፈርምና ትድገም፤ ዓመት ምን አላት» ትላለች። ጉልበቷም ተሽሏታል፤ ይቅርታውንም ተቀብላለች።

የእኔን ደግሞ ስሚ። እኔ «አልጋህ ለምን ሜትር ከሰማንያ ሆነ?» ብባል መልስ አለኝ፤ ልክ ባይሆንም መልስ ነው። ተቆጣጣሪሽ ግማሽ ደቂቃዋን ከየት አመጣት? ጠይቀሽዋል? እንደ ጠላት አትዪው። እኔንም እንደ ሽፍታ ስታዪኝ ምን ያህል እንደተሳሳትሽ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሰውዬው ወገቡን አጠፈ፣ ቀና አለ፣ ያኛው እጁን አነሳ፣ አንቺ ጠበቅሽ፣ ደወል ተደወለ። ዋናውን ዘለልሽው። ሹፌሩ ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2

አጎቴ፣

ጨረሰ። «ሰዎችን ወደ ቤታቸው አደርሳለሁ» አለ። በእንግሊዝኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ሸንበቆ


ታኅሣሥ 8

እንግዲያው እንዳትፈርሚ! አክስትሽም ሐሳቧን ቀይራለች፤ ደብዳቤሽን ሳነብላት ከመቀመጫዋ ተነሳችና «ትከራከር» አለች። ብትባረሪ ቤትሽ አለ፤ በርጩማ ቀለም ትቀቢያለሽ። ሂጂ፣ ተናገሪ። የሽፍታውን ቃልም ይዘሽ ግቢ።


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴና ለምወድሽ አክስቴ፣

ተቀመጡ። ተቀመጣችሁ? አለፍኩ! አለፍኩ፣ አለፍኩ፣ አለፍኩ!

አሁን በሥርዓት ልጻፍ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ።

ኮሚቴው የተቀመጠው ረጅም ጠረጴዛ ካለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰብሳቢዋ ሽበታም ሴት ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። «ዕቅዱን ለምን አልጠበቅሽም?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፤ እሷኑ ያዝኩ።

«ዕቅዱ ፕሮክረስቲያን ስለሆነ ነው» አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትርጉሙን ታውቂዋለሽ?» አሉ። ዕድሜ ለእርስዎ፣ አውቀዋለሁ! ሽፍታውን ከነአልጋው ተረክሁላቸው። እንግሊዝኛዬ መጀመሪያ ላይ እንደ ሹፌሩ ተያዘ፤ ማንም አላቋረጠኝም፤ ቀስ በቀስ ተፈታ። የእንግዳው እግር ሲቆረጥ አንዱ አባል ፊቱን አጨማደደ። ሽፍታው በገዛ አልጋው ሲለካ ሁለቱ ሳቁ።

ተቆጣጣሪዬ ግን አልሳቁም። በጣም ጨዋና ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው እውነት ነበረው። «እኔ ግማሽ ደቂቃ ያልኩት ለደካማው ብዬ ነው» አሉ። «ድሮ አፈ ጮሌዎቹ ሰዓቱን ሁሉ ይበሉት ነበር። ዝምተኛው ዓመት ሙሉ አፉን ሳይከፍት ይወጣ ነበር። አሁን ሁሉም እኩል አለው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ አጎቴ። እውነታቸውን ነው። ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ «እውነትዎን ነው፣ እኩል ነው» አልኩ። «ግን አልጋውም እኮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።»

ያኔ የእርስዎን ጥያቄ አስታወስኩ። «ግማሽ ደቂቃዋ ከየት መጣች?» ብዬ በአክብሮት ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ልምምዱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ሠላሳ ነው፤ አካፈልኩት» አሉ። ከዚያ ስለ ቱቦላሬው ነገርኳቸው። አልጋ የሚሠራ አጎት እንዳለኝ፣ የአልጋውን ርዝመት ከሰው ሳይሆን ከብረቱ እንዳገኘው፣ ክፋት እንደሌለበት፣ ሂሳብ እንደሆነ፣ አሁን ግን ደንበኛውን እያስቆመ እንደሚለካ። የሬሳ ሳጥኑንም ነገርኳቸው! ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። እሳቸው ይስቃሉ ብሎ የሚያምነኝ ተማሪ የለም።

ተቆጣጣሪዬም ፈገግ አሉ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ተናገሩ። «ሹፌሩ ሲጨርስ ክፍሉ ተነስቶ አጨበጨበ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላ ስቀመጥ፣ ተማሪ ለተማሪ እንዲያ ሲያጨበጭብ አላየሁም። ልጽፈው ፈልጌ ነበር። ዕቅዱ ላይ የሚገባበት ቦታ አጣሁለት።» የውጤቱን ወረቀት ከሰብሳቢዋ ተቀበሉና «ወድቃለች» ያሉትን በገዛ እጃቸው ሰረዙት። እኔ እሳቸውን አላሸነፍኳቸውም፣ አጎቴ። አብረን ነው ያሸነፍነው።

የልምምዱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንዳለ ይቆያል፤ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ግን ከእንግዲህ የሚወስነው አስተማሪው ነው። የማታውን ክፍልም ከጥር ጀምሮ ለእኔ ሰጥተውኛል። ከነደሞዙ! እኔ፣ መምህርት!

ስወጣ ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሥራ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦታል። ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀኝ ነበር አሉ። «ምን...» ብሎ ጀመረ፤ ተያዘ። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። ወሬው ምላሴ ላይ ይፈላል፤ ልፈነዳ ደርሻለሁ። ግን ጠበቅሁት። «ምን አሉሽ?» ብሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁትና ነገርኩት። ያ ግዙፍ ሰው ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረው፣ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ላይ ተንጠለጠለ። ረጅሟ እኔ ነኝና ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩለት።

የእናንተው
ሸንበቆ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለክብርት መምህርት፣

እልል በይ! አክስትሽ ገና ፖስታውን ሳልከፍተው እልልታዋን አቅልጣዋለች፤ «ብትወድቅስ ኖሮ?» ብላት «ፖስታው ወፍራም ነው፣ የወደቀ ሰው ብዙ አይጽፍም» አለችኝ።

ደብዳቤሽን ብየዳውን አጥፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ተቀመጡ» ያልሽው ጋ ስደርስ ልብስ ሰፊው እውነት መስሎት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «አለፍኩ» ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ደንበኛ ቆሞ ነበርና አክስትሽ «የብየዳው ብርሃን ነው፣ ዓይኑን አሞት ነው» ብላ ልትሸፍንልኝ ሞከረች። «ተዪ፣ ልቅሶ ነው፤ ልጄ አስተማሪ ሆነች» አልኩ። ደንበኛውም እንኳን ደስ አለህ ብሎ አቀፈኝ፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ደፋር አይደለሁም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያቺን ደብዳቤ ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኳት፤ ውሸት ቤቴ አይቀመጥም። ኮርቼብሻለሁ። ይህን ከመጻፍ አፌን ሞልቼ ብነግርሽ እወድ ነበር፤ ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወረቀቱ ይንገርሽ። ኮርቼብሻለሁ፣ ልጄ።

ለተቆጣጣሪሽ ሰላምታ አድርሺልኝ። ካስፈለጋቸው፣ ሙያዬ ነውና አልጋ ልሥራላቸው፤ ቁመታቸውን ላኪልኝ።

ይህችን የምጨምረው ፖስታ ቤት ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው። ፖስታው ላይ በትልቅ ፊደል «መምህርት» ብዬ ጽፌ ስሰጣት ተቀባይዋ ልጅ አየችውና «ባለፈው እንዲህ ብለው አልጻፉም ነበር፤ እውነት መምህርት ናት?» አለችኝ። «ናት!» አልኳት። ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሰው ከኋላ «ማን ናት?» አለ። ለእሱም ዞሬ «መምህርት ናት!» አልኩት።

አጎትሽ